አሮጌ መኪና ላይ ክሩዝ ኮንትሮል ስናስገጥም የሚለቅበት መንገድ አስቀድሞ ይታይ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ጉዳዩ፦ የቆዩ መኪኖች ላይ ስለሚገጠም ክሩዝ ኮንትሮል በጋዜጣችሁ የወጣውን ጽሑፍ ይመለከታል

ክቡር ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጋዜጣችሁ ላይ፣ ከፋብሪካ ሲወጡ ክሩዝ ኮንትሮል (ሹፌሩ እግሩን ከፔዳሉ ቢያነሳም የመረጠውን ፍጥነት ይዞ የሚነዳ መሣሪያ) ያልነበራቸው መኪኖች መሣሪያውን በኋላ ሊገጠምላቸው እንደሚችል፣ ሲገጠምም የሹፌርን ድካም እንደሚቀንስና ነዳጅ እንደሚቆጥብ የሚገልጽ ጽሑፍ ወጥቶ በጥሞና አንብቤዋለሁ። የተባለው በመሠረቱ ትክክል ነው፤ ጸሐፊውም ጉዳዩን በማንሳታቸው ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ጽሑፉ መሣሪያው ፍጥነትን እንዴት እንደሚይዝ በሰፊው ካብራራ በኋላ፣ የያዘውን እንዴት እንደሚለቅ «ፍሬን ሲረገጥ ይለቃል» በሚል አንድ ሐረግ አልፎታል። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ለብዙ ዓመታት የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ከዕለት ሥራዬ እንደተረዳሁት አደጋው ያለው በዚያች ሐረግ ውስጥ ስለሆነ፣ የጎደለውን ለመሙላት ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

ይህ ጥያቄ በአካባቢያችን ለምን እንደበረታ ለመረዳት አያስቸግርም። ከድሬዳዋ ተነስቶ በሽንሌ፣ በአዲጋላና በአይሻ በኩል ደወሌ ድንበር የሚደርሰው የክፍያ መንገድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ አብዛኛውም ሜዳ ላይ የተዘረጋ ነው። በዚያ ሙቀት ቀኝ እግርን አንድ ቦታ ላይ አጽንቶ ለሰዓታት መንዳት ቁርጭምጭሚትንና ወገብን ምን ያህል እንደሚያዝል ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። መኪኖቻችንም ቶሎ የሚለወጡ አይደሉም። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ላይ፣ በተለይም ዕድሜያቸው በገፋው ላይ፣ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ስለዚህ ዛሬ በእጁ አሮጌ ኮሮላ ወይም ሃይሉክስ ያለው ሰው ያንኑ መኪና ይዞ ለመቆየት ተገዷል፤ ይዞ ለመቆየት የተገደደ ሰው ደግሞ የሚነዳው ነገር ምቾት እንዲኖረው ቢፈልግ ተገቢ ፍላጎት እንጂ ቅንጦት አይደለም። ይህን የምለው፣ በሙያችን ውስጥ «አሮጌ መኪና ላይ ይህን ሁሉ ምን ያደርጋል» እያሉ ደንበኛን የሚያሳፍሩ ሰዎች ስላሉ ነው።

አሳቡ ራሱ ረጅም ዕድሜ አለው። ጄምስ ዋት በ1788 እ.ኤ.አ. በእንፋሎት ሞተር ላይ ያዋለው፣ በሚሽከረከሩ ሁለት ኳሶች የሚሠራው የፍጥነት መቆጣጠሪያ የዚሁ መነሻ ነው፤ የናፍጣ ፓምፕ ፈትቶ የገጠመ መካኒክ ሁሉ «ገቨርነር» ብሎ የሚያውቀው ክፍልም የዚያው ዘር ነው። ለመኪና እንዲሆን አድርጎ የሠራው ራልፍ ቲተር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ በልጅነቱ በደረሰበት አደጋ የዓይኑን ብርሃን ያጣ ሰው ነበር። ሌላ ሰው እየነዳለት ሲሄድ መኪናው ፈጠን ዘግየት እያለ ሰውነቱን ሲንጠው አሳቡ እንደ መጣለት ይነገራል። የፈጠራ መብቱን በ1950 እ.ኤ.አ. አግኝቷል፤ ክራይስለር ኩባንያም በ1958 ሞዴል መኪኖቹ ላይ መሣሪያውን ለገበያ አቅርቦታል። እንግዲህ መሣሪያው በመላው ዓለም ለረጅም ዘመን የተፈተነ ነው፤ ያልተፈተነው በየጋራዡ በእኛ እጅ የሚደረገው ገጠማ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት ሁለት መሣሪያዎች እንዳይምታቱ አሳስባለሁ። የፍጥነት መገደቢያ የሚባለው መኪናው ከተወሰነ ፍጥነት በላይ እንዳይሄድ ጣሪያ የሚያበጅ ሲሆን፣ ሹፌሩ እግሩን ባነሳ ጊዜ መኪናው እንደ ወትሮው ይዘገያል። ክሩዝ ኮንትሮል ግን ሹፌሩ እግሩን ቢያነሳም ነዳጅ መስጠቱን ይቀጥላል። አንደኛው ይከለክላል፣ ሁለተኛው ይነዳል። ከአወዳይ ጫት ጭነው ሌሊትና ቀን ለሚጣደፉት መኪኖች የሚያስፈልገው የመጀመሪያው እንጂ ሁለተኛው አይደለም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ «የፍጥነት መቆጣጠሪያ» በሚል ስም የሚሸጥ ነጋዴም ገዢውን እያሳሳተ ነው።

አሁን ስለ ገጠማው ልናገር። መኪኖቻችን በዚህ ረገድ በሦስት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ወገን የነዳጅ ፔዳሉ በገመድ ወይም በዘንግ ከካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ክፍል) ወይም ከአየር ማስገቢያው ጋር የተያያዘ የቤንዚን መኪና ነው፤ ዲኤክስ የምንላቸው ኮሮላዎች፣ ሐረር ውስጥ ዛሬም በታክሲነት የሚታዩት ፔጆ 404ዎች ከዚህ ወገን ናቸው። ለእነዚህ ፔዳሉን በሰው ፋንታ የሚስብ ክንድ ያስፈልጋቸዋል። ይህ ክንድ ከሞተሩ በሚመጣ የቫኪዩም (አየር የመምጠጥ) ኃይል የሚሠራ ጎማ ለበስ ከበሮ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚሳብ ገመድ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ወገን ገመድ የሌለው፣ ፔዳሉ ላይ ያለው ሴንሰር ለኮምፒዩተሩ ምልክት የሚልክበት መኪና ነው፤ ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ ከተሠሩት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ሦስተኛው ወገን በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠራ አሮጌ ናፍጣ ሲሆን፣ ስለ እርሱ ለብቻው እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ወገን ለገጣሚው እጅግ ቀላል ነው። አንዳንድ የቶዮታ ሞዴሎች ላይ ክሩዝ ኮንትሮል የሚያሠራው ፕሮግራም ከፋብሪካው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተቀምጦ፣ የጎደለው መሪው ላይ የሚገጠመው ማዘዣ ማብሪያና ሽቦው ብቻ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ምክንያቱም የፍሬኑም የፍጥነቱም ምልክት ፋብሪካው ባሰበው መንገድ ወደ ኮምፒዩተሩ ስለሚገባ፣ ገጣሚው የሚያበላሸው ነገር ጥቂት ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው መሪው ሲፈታ ነው። ኤርባግ ያለው መሪ ከመነካቱ በፊት የባትሪው ነጌቲቭ ተነቅሎ ቢያንስ 90 ሴኮንድ መጠበቅ እንዳለበት ቶዮታ ራሱ በጥገና መመሪያዎቹ ያዛል፤ ይህን ያህል መታገሥ የማይችል ሰው መሪ እንዲፈታ ሊፈቀድለት አይገባም። ፕሮግራሙ ለሌላቸው ደግሞ በፔዳሉ ሶኬትና በኮምፒዩተሩ መካከል የሚገባ፣ ፔዳሉ እንደተረገጠ አድርጎ ምልክት የሚልክ ሳጥን አለ። ሳጥኑ ከታወቀ አምራች የመጣ ከሆነ በጎ ነው።

ገመድ ባላቸው መኪኖች ላይ ግን ሥራው እጅ ይፈልጋል። ክንዱ የሚስበው ገመድ ወይም የዶቃ ሰንሰለት ሹፌሩ በራሱ እግር ሲረግጥ የማይንቀሳቀስ፣ ሹፌሩም እግሩን ሲያነሳ መንገድ የማይዘጋ መሆን አለበት። ትንሽ ከጠበቀ መኪናው ቆሞ እያለም የሞተሩ ዙር ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ከላላ ደግሞ ክንዱ ጉልበቱን የሚጨርሰው ላላውን በመሰብሰብ ስለሚሆን ፍጥነቱን ይዞ መቆየት አይችልም። ከሁሉ በፊት ግን መታየት ያለበት የመኪናው የራሱ ገመድና መላሽ ሞላ ነው። የዚህ አካባቢ አቧራ የነዳጅ ገመድ ሽፋን ውስጥ ገብቶ ገመዱን ያደርቀዋል፤ ሃያ ዓመት ያገለገለ ሞላ ደግሞ ይደክማል። ሰው በእግሩ ሲነዳ ፔዳሉ ትንሽ ዘግይቶ ቢመለስ በእግሩ ይሰማዋል፣ ራሱም ያስተካክለዋል። ክንዱ ሲነዳ ግን የሚሰማው የለም። ስለዚህ ገመዱ አዲስ ሳይሆን፣ ከካርቡራተሩም ላይ ሁለት ሞላ ሳይኖር መሣሪያውን መግጠም ተገቢ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ሁለት ያልኩት አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲመልስ ነው።

የፍጥነቱ ምልክት የሚገኝበትም መንገድ እንደ መኪናው ይለያያል። አዳዲሶቹ ካምቢዮው ላይ ያለ ሴንሰር በሚሰጠው ምልክት ይጠቀማሉ። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያቸው በገመድ የሚዞር አሮጌዎች ግን በገመዱ መካከል የሚገባ ሴንሰር፣ ወይም በሚሽከረከረው ዘንግ ላይ የሚታሰር ማግኔት ያሻቸዋል። ማግኔቱ በማጣበቂያ ብቻ ከተለጠፈ ሙቀትና ጠጠር ይጥለዋል፤ በማሰሪያ ብረት መጠበቅ አለበት። ማግኔቱ ሲወድቅ ጥሩው ሳጥን (መሣሪያውን የሚያዘው ክፍል) ምልክት እንደጠፋ አውቆ ይለቃል፤ መጥፎው መኪናው የቆመ መስሎት ነዳጅ ሊጨምር ይችላል።

እነሆ ደብዳቤውን ወዳጻፈኝ ነገር ደረስሁ። የፍሬን ፔዳል ሥር አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች። ፋብሪካው ራሱ ክሩዝ ኮንትሮል ገጥሞ ባወጣቸው ብዙ መኪኖች ላይ ይህች ማብሪያ ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ፔዳሉ ሲረገጥ አንደኛው ግንኙነት ተዘግቶ የኋላውን የፍሬን መብራት ያበራል፣ ሁለተኛው ግንኙነት ደግሞ በዚያው ቅጽበት ተከፍቶ ወደ መሣሪያው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ይቆርጣል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያድናል። በቫኪዩም በሚሠሩት በቀድሞዎቹ ላይ ደግሞ ከኤሌክትሪኩ ሌላ ፔዳሉ ጋ የተገጠመ የአየር ቫልቭ ነበረ፤ ኤሌክትሪኩ ጨርሶ ቢከሽፍ እንኳ እግር ፍሬኑን ሲነካ አየር ወደ ከበሮው ገብቶ የተያዘው ይፈታል። እነዚያ መሐንዲሶች ነገሩን ያሰቡት «ይህ ቢበላሽስ» እያሉ ነበር።

በኋላ የሚገጠመው ዕቃ ግን ፍሬን መረገጡን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሽቦ ብቻ ነው፤ እርሱም የፍሬን መብራቱ ሽቦ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ሽቦው ላይ 12 ቮልት ይመጣል፣ ሳጥኑም ይለቃል። የፍሬን መብራቱ ፊውዝ የተቃጠለ ከሆነ ግን ፔዳሉ ቢረገጥም ሽቦው ላይ ምንም አይመጣም፤ ሳጥኑም ሹፌሩ ፍሬን መርገጡን አያውቅም። ሹፌሩ ፍሬን ይረግጣል፣ መሣሪያው ደግሞ ፍጥነት ቀነሰ ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። የተሻሉት ሳጥኖች ይህን በከፊል ለመከላከል በዚያው ሽቦ በኩል የአምፖሎቹን ክር አልፈው ከሻሲው (ከመኪናው የብረት አካል) ጋር መገናኘታቸውን ይመረምራሉ፤ አምፖሎቹ ሁሉ ከተቃጠሉ ወይም ሽቦው ከተበጠሰ መጀመሪያውኑ አይይዙም። ባለንብረቱም ዕቃው የተበላሸ መስሎት ወደ ጋራዥ ይመጣል፤ ዕቃው ግን ትክክለኛ ሥራውን እየሠራ ነው።

እዚህ ላይ ነው ክፉው ልማድ የሚገባው። አምፖሎቹን በኤልኢዲ የለወጠ መኪና ላይ ሳጥኑ የሚፈልገውን የክር ግንኙነት አያገኝም፣ ስለዚህም አልይዝም ይላል። ትክክለኛው መፍትሔ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) ጨምሮ፣ ፍሬን ባልተረገጠ ጊዜ ሽቦው ከሻሲ ጋር እንዲገናኝ፣ በተረገጠ ጊዜ ደግሞ ቮልት እንዲደርሰው ማድረግ ነው። ችኩል ገጣሚ ግን ሽቦውን ከፍሬኑ ነቅሎ በቀጥታ ከሻሲው ጋር በቡሎን ያስረዋል። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ለዘላለም «ፍሬን አልተረገጠም» ብሎ ያምናል። መሣሪያው ይይዛል፣ ደንበኛው ይደሰታል፣ ገንዘቡም ይከፈላል። አንድ ደንበኛ ሌላ ቦታ አስገጥሞ «አልፎ አልፎ አልለቅ ይለኛል» ብሎ ያመጣው ኮሮላ ላይ ዳሽቦርዱን ስፈታ ያገኘሁት ይኸው ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ሲያጠፋው የኖረው በጣቱ፣ በማብሪያው ነው። ይህን ያደረገው ባለሙያ ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ሽቦው ለምን እንደተሠራ ያስረዳው ሰው ባይኖር ይሆናል። የሰው ሕይወት ግን በማያውቁት ሽቦ ላይ አይታሰርም።

በመንገዳችን ላይ ከምናያቸው የቆዩ መኪኖች ስንቶቹ የፍሬን መብራታቸው በሁለቱም በኩል በትክክል እንደሚበራ ማታ ማታ ከኋላቸው የነዳ ሰው ይፍረድ። ይህ መብራት ለኋለኛው ሹፌር ማስጠንቀቂያ ብቻ ሆኖ ሳለ መበላሸቱ ጥፋት ነበር፤ ክሩዝ ኮንትሮሉ የሚለቅበት ብቸኛ መንገድ ከሆነ በኋላ ግን ጥፋቱ የመኪናውን ባለቤት ራሱን ይጎዳል።

የፍሪሲዮኑም ነገር ከዚህ አያንስም። ከውጭ የሚመጡት ዕቃዎች ብዙዎቹ ለአውቶማቲክ ካምቢዮ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ የእኛ አሮጌ መኪኖች ደግሞ አብዛኞቹ በእጅ ማርሽ የሚለወጡ ናቸው። መሣሪያው ይዞ እያለ ሹፌሩ ፍሪሲዮን ቢረግጥ ሞተሩ ከጭነት ነፃ ስለሚሆን ዙሩ በአንድ ጊዜ ይተኮሳል። ስለዚህ ፍሪሲዮን ፔዳሉም ሥር ማብሪያ መግባት አለበት። አንዳንዱ ሳጥን የሞተሩን ዙር ቆጥሮ ድንገት ሲዘል ራሱ ይለቃል፤ ይህ እንደ ሁለተኛ መከላከያ መልካም ነው፣ የማብሪያውን ቦታ ግን አይተካም።

ስለ አሮጌ ናፍጣ እመለስበታለሁ ያልሁት ይህን ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ከአየር ማስገቢያው የሚወሰድ ቫኪዩም የለውም፤ ለፍሬን ሰርቮ (የእግርን ጉልበት ለሚያግዘው ክፍል) የሚሆነውን ቫኪዩም የሚያገኘው ከትንሽ ፓምፕ ሲሆን፣ ብዙ የቶዮታ ናፍጣዎች ላይ ፓምፑ ከዲናሞው ጀርባ ተገጥሞ ይገኛል። ለቤንዚን መኪና የተሠራውን የቫኪዩም ከበሮ ናፍጣ ላይ ለመግጠም የሚፈልግ ሰው በእጁ የሚያገኘው ምንጭ ይህ የፍሬን ቫኪዩም ብቻ ይሆናል። ከዚያ በቀጭን የጎማ ቱቦ ቀድቶ ከበሮውን ሲያሠራ ቱቦው በሙቀት ቢሰነጠቅ፣ የሚጠፋው የክሩዝ ኮንትሮሉ ኃይል ብቻ አይደለም፤ የፍሬኑ አጋዥ ኃይልም ይዳከማል። ጭነት የያዘ ላንድክሩዘር ያለ ሰርቮ በእግር ብቻ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሞከረው ያውቃል። ስለዚህ አሮጌ ናፍጣ ላይ በኤሌክትሪክ ሞተር ከሚሳበው በቀር ሌላው ባይገጠም እመክራለሁ። ፍሬን ኃይሉን የሚያገኝበትን ነገር ለምቾት ብሎ መበጣጠስን ፈጽሞ አልደግፍም።

መኪናው በሚገባ ተገጠመለት እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው የት እንደሚበራ ነው፤ በዚህም የድሬዳዋና የሐረር ሰው የተለየ ማስተዋል ያስፈልገዋል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የደንገጎ ጠመዝማዛ ደግሞ በአጭር ርቀት ወደ 2,000 ሜትር ያወጣል። ዳገቱ ላይ ይህን መሣሪያ ያበራ ሰው፣ አሮጌ ሞተሩ የታዘዘውን ፍጥነት ለመጠበቅ ሲል ነዳጁን እስከ ጥግ እንዲከፍት ፈርዶበታል፤ የራዲያተሩ ውኃ ሲፈላ የሚያየው ዘግይቶ ነው። የቫኪዩም ዓይነቱ ደግሞ እዚያው ላይ ይደክማል፤ ምክንያቱም ነዳጅ በብዛት ሲከፈት የሞተሩ ቫኪዩም ስለሚወርድ ከበሮው መሳቢያ ኃይል ያጣል። ቁልቁለቱ የባሰ ነው። በኋላ የሚገጠመው መሣሪያ ነዳጅ መቀነስ እንጂ ፍሬን መያዝ አይችልም። ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ሲወረድ ነዳጁ ጨርሶ ቢዘጋም የመኪናው ክብደት ራሱ ያወርደዋል፤ ያ ቁልቁለት የሚወረደው በዝቅተኛ ማርሽ በሞተር ኃይል እየተያዘ ነው፤ ሹፌሩም «መሣሪያው ይይዘኛል» ብሎ እግሩን ሰብስቦ መቀመጥ የለበትም። በቀርሳና በቁልቢ በኩል በክረምት የሚወርደው ጉምና ርጥብ አስፋልትም ይህን መሣሪያ የሚያበሩበት አይደለም፤ ጎማ ተንሸራትቶ ሲሽከረከር ነዳጅ የሚሰጥ ነገር መኪናውን ያስታል። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ቀን የቁልቢ ገብርኤል ምእመናን መንገዱን በእግርና በመኪና በሚሞሉበት ጊዜ ስለ ክሩዝ ኮንትሮል ማሰብ ራሱ አግባብ አይደለም። ከአዴሌ በሐሮማያና በአወዳይ አልፎ ሐረር እስኪገባ ያለውም መንገድ ገበያ ከገበያ የተያያዘበት ነው።

እንግዲህ የሚቀረን የደወሌ መንገድና ወደ ጅግጅጋ ሲኬድ ሜዳ የሆነው ክፍል ነው። በዚያም ላይ ግመልና ፍየል አለ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያልፋል። እግሩን ከፔዳሎቹ አርቆ የተቀመጠ ሹፌር እግሩን ወደ ፍሬን እስኪመልስ የሚያልፈው ሜትር ሁሉ ከግመሉ ጋር የሚያቀራርበው ነው። ስለዚህ መሣሪያው ሲይዝ እግሩ ከፍሬኑ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ይቆይ፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ይጥፋ። እግር ሥራ ሲፈታ ዓይንም መክበድ ይጀምራልና፣ እንቅልፍ የተጫነው ሰው ይህን መሣሪያ ከማብራት ይልቅ መኪናውን ዳር አቁሞ ትንሽ ቢያሸልብ ይሻለዋል።

ስለ ነዳጅ ቁጠባው ብዙ አልልም። ሜዳ ላይ አንድ ዓይነት ፍጥነት ጠብቆ መሄድ በርግጥ ይቆጥባል፤ የሚቆጥበው ግን ከሁሉ በላይ የተመረጠው ፍጥነት መጠነኛ ሲሆን ነው፤ ምክንያቱም የነፋስ ግፊት ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር በአራት እጥፍ ያድጋል። መሣሪያውን 110 ላይ አስይዞ ቁጠባ መጠበቅ ከንቱ ነው።

የጋራዥ ባለቤቶችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ መኪናውን ከማስረከባችሁ በፊት ባለንብረቱ ባለበት ልቀቱን ፈትኑት። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ከ40 ኪሎ ሜትር በታች ስለማይይዙ ፈተናው ጭር ያለ ቀጥ ያለ መንገድ ይፈልጋል። ፍሬኑን በጣት ጫፍ ያህል ብቻ ነክታችሁ ይለቅ እንደሆነ እዩ፤ ቀጥሎ በፍሪሲዮን፣ ቀጥሎ በማብሪያው አስለቅቁት። ከዚያ መኪናውን አቁማችሁ የፍሬን መብራቱን ፊውዝ ንቀሉና እንደገና ለማስያዝ ሞክሩ። ፊውዙ ተነቅሎም የሚይዝ ከሆነ፣ ፍሬኑን ሳይሰማ የሚነዳ መኪና ሠርታችኋልና ለባለቤቱ አትስጡት፤ ሁለተኛ መልቀቂያ ጨምሩለት። መሪው አጠገብ ቀይ ማጥፊያ ገጥሞ የመሣሪያውን ኤሌክትሪክ በሙሉ የሚቆርጥ ማድረግ የሚፈጀው ሽቦ ጥቂት ሜትር ነው። ይህን ሁሉ ያደረገ ጋራዥ በደረሰኙ ላይ ምን ዓይነት ዕቃ እንደገጠመና ምን እንደፈተነ ቢጽፍ ነገ ሌላ ባለሙያ መኪናውን ሲከፍት አይደናገርም።

ሹፌሮችም አንድ ነገር ከአሁኑ እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። መሣሪያው ወይም የነዳጅ ገመዱ አልለቅ ቢል ፍሬኑን አንድ ጊዜ አጥብቆ ረግጦ መያዝ እንጂ እየደጋገሙ መርገጥ አይገባም። ነዳጅ ጥግ ድረስ በተከፈተ የቤንዚን ሞተር ቫኪዩሙ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ሰርቮው ውስጥ የቀረው ኃይል በሁለትና በሦስት ርግጫ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ፍሬኑ ተይዞ እያለ ፍሪሲዮን ይረገጥ፣ ወይም ማርሹ ፎሌ ይደረግ (ከማርሽ ይውጣ)። ሞተሩ ቢጮኽም ይጩኽ፤ መኪናው ከሚጋጭ ሞተሩ ቢጎዳ ይሻላል። ከዚያም ቁልፉን አንድ ደረጃ ብቻ መልሶ ሞተሩን ማጥፋት ነው፤ ቁልፉን ጨርሶ የነቀለ ሰው መሪውን ይቆልፍበታል።

በመጨረሻም ለዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ተቋማትና ለሚቆጣጠሯቸው የትራንስፖርት ቢሮዎች የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። መኪና ለቦሎ ሲቀርብ ፍሬኑ፣ መብራቱና ጎማው ይታያል። በኋላ የተገጠመ ክሩዝ ኮንትሮል ያለው መኪና ሲቀርብ ግን ከላይ የገለጽሁት የፊውዝ ፈተና ቆሞም በጥቂት ደቂቃ ሊተካ ይችላል፤ መርማሪው ሞካሪ አምፖል ይዞ ፍሬኑ ሲረገጥ የሳጥኑ የፍሬን ሽቦ ላይ ቮልት መምጣቱን፣ ሲለቀቅም መጥፋቱን ካረጋገጠ፣ ከሻሲ ጋር የታሰረውን ሽቦ እዚያው ያገኘዋል። ይህ ምርመራ በድሬዳዋና በሐረር ቢጀመር መሣሪያው ላይ ጥሩ ሥራ የሚሠሩት ባለሙያዎች ይታወቃሉ፤ የጋዜጣችሁም አዘጋጆች ቢሮዎቹን ጠይቃችሁ የሚሰጡትን መልስ ብታወጡልን ብዙ ባለንብረቶች ይጠቀማሉ።

ከአክብሮት ጋር

የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ